በመተሐራና በአዋሽ መካከል

የሐዲድ ጥገና ቡድን ውስጥ ለመግባት ሦስት ጊዜ ተፈትኛለሁ። ፈተናው ሦስቱንም ጊዜ አንድ ዓይነት ነበር። ሰባት የቡድኑ ሰዎች በአንድ ቁራጭ ሐዲድ ግራና ቀኝ ይቆማሉ፤ ተፈታኙ ስምንተኛ ሆኖ ጫፉ ላይ ይገባል። የቡድኑ አለቃ፣ ካቦው፣ «ያዝ» ሲል ይያዛል፤ «አንሳ» ሲል እስከ ወገብ ይነሳል፤ «ጣል» ሲል ሁሉም በአንድ ጊዜ ይለቃል። በ«አንሳ» እና በ«ጣል» መካከል ምን ያህል እንደሚቆይ የሚያውቀው ካቦው ብቻ ነው። አንዳንዴ በመሃል ሲጋራውን ይለኩሳል።

መጀመሪያ የተፈተንኩት በኅዳር ነበር። ቦታው አቃቂ ጣቢያ ጎን ያለው ሜዳ ነው። ሐዲዱን አንስተን ቆመን ሳለ ከዱከም በኩል የጭነት ባቡር መጣ። ባቡር በየቀኑ ቢያልፍም የአቃቂ ሰው ዞር ብሎ ሳያይ አያሳልፈውም፤ እኔ ደግሞ ከልጅነቴ ጀምሮ ፉርጎዎቹን ሳልቆጥር አሳልፌ አላውቅም። አሥራ አራተኛው ላይ ስደርስ እጄ ላይ ምን እንዳለ ረሳሁት። ለቀቅኩት። አጠገቤ የነበረው ሰው እግሩን ሰብሰብ ባያደርግ ኖሮ ጣቶቹ እዚያው ይቀሩ ነበር።

ካቦው አልተቆጣም። ባቡሩ እስኪያልፍ ጠበቀና «ስንት ሆኑ?» አለኝ።

«አሥራ አራት፣ ጋሼ። አልጨረስኩም።»

«እኛን መቁጠር ይቀልህ ነበር። ስምንት ነን።»

ከዚያ ጉልበቴ ትንሽ እንደሆነ፣ ግን ጉልበት የሚመጣ ነገር እንደሆነ ነገረኝ። የቸገረው ሐሳቤ የት እንደሚውል አለማወቁ ነበር። ከፋሲካ በፊት አንድ ሰው ስለሚወስዱ ሁለቱንም ይዤ እንድመጣ አዘዘኝ።

በዚያን ጊዜ ቃሊቲ መጋዘኖች በር ላይ የቀን ሥራ እሠራ ነበር። ሥራው ጆንያ መሸከም ነው። ሸክሙን አልጠላሁትም። የጠላሁት ጠዋቱን ነው። ሠላሳና አርባ ሰው በር ላይ ይቆማል፤ የመጋዘኑ ኃላፊ ይወጣና በጣቱ «አንተ፣ አንተ፣ አንተ» እያለ ይመርጣል። እኔ ቀጭን ስለሆንኩ ጣቱ ብዙ ጊዜ በትከሻዬ ላይ አልፎ ከኋላዬ ያለውን ይጠቁማል። ከኋላዬ ማን እንዳለ ለማየት እየዞርኩ ስንት ጠዋት እንዳሳለፍኩ እኔ አውቃለሁ። ሐዲድ ጥገና የገባ ሰው ግን አንዴ ተመርጦ ያበቃል። እኔ የፈለግኩት ይህን ነበር፤ ሁለተኛ በጣት አለመመረጥ።

ስለዚህ ብረት ማንሳት ጀመርኩ።

ብረቱ ያለው ከጣቢያው ጀርባ፣ ጡረታ በወጡ አንድ ሽማግሌ ግቢ ውስጥ ነበር። ሽማግሌው የባቡር ፍሬን ያዥ ነበሩ። ዕድሜያቸውን በሙሉ ከለገሃር ድሬዳዋ፣ ከድሬዳዋ ለገሃር ሲመላለሱ ኖረው አሁን ከበራቸው አጠገብ ካለች በርጩማ ላይ አይነሱም። ግቢያቸው ውስጥ ሁለት ጫፉ በሲሚንቶ በተሞላ የወተት ዱቄት ቆርቆሮ የተተከለ የውሃ ቧንቧ አለ። መተኛ አግዳሚውም ከሐዲድ ሥር የወጣ አሮጌ ወፍራም እንጨት ነው። የሰፈሩ ልጆች «ጂም» ይሉታል። ሽማግሌው ከማንም ምንም አይጠይቁም፤ አንድ ደንብ ብቻ አላቸው። መጨረሻ የወጣ ግቢውን ይጠርጋል።

አሠልጣኝ አልነበረኝም። የነበረችኝ አንዲት ስለ ሰውነት ማጠንከሪያ የምታወራ፣ ከገጽ ዘጠኝ የምትጀምር መጽሐፍ ነች። የመጀመሪያዎቹ ስምንት ገጾች ተቀድደዋል፤ በመሆኑም እንዴት እንደሚጀመር ሳልማር ነው የቀጠልኩት። ቧንቧውን ሳነሳ ሁልጊዜ ወደ ግራ ያዘነብል ስለነበር አንድ ቅዳሜ ወፍጮ ቤት ወስጄ ሁለቱን ጫፍ በየተራ በሚዛን አየሁት። የግራው ቆርቆሮ በግማሽ ኪሎ ይበልጣል። ከዚያ በኋላ ዐሥር ጊዜ ባነሳሁ ቁጥር ብረቱን አስቀምጬ ጫፉን አዞረዋለሁ።

ገጽ አሥራ ሁለት ላይ «ሐሳብህን በአንድ ነገር ላይ ሰብስብ፤ ሌላውን ሁሉ ዝጋ» ይላል። በምን ነገር ላይ እንደሚሰበሰብ አይናገርም። መጀመሪያ ቁጥር ሞከርኩ፤ ቁጥር ግን ፉርጎ ያስታውሰኛል። ግድግዳው ላይ ያለ ምስማር ሞከርኩ፤ ምስማሩ ላይ ጉንዳን ወጣ። በመጨረሻ ያገኘሁት የባቡር ጣቢያዎቹን ነው። አቃቂ ላይ ተነስቼ በእያንዳንዷ ማንሳት አንድ ጣቢያ እደርሳለሁ። ዱከም፣ ደብረ ዘይት፣ ሞጆ፣ ናዝሬት፣ ወላንጪቲ፣ መተሐራ፣ አዋሽ፣ ሚኤሶ፣ አፍደም፣ ኤረር፣ ድሬዳዋ። አሥራ አንድ ናቸው። ደንቡንም እኔው አወጣሁ። በሁለት ጣቢያ መካከል አይወረድም። ክንዴ እየተንቀጠቀጠ «አሁንስ ልተወው» ስል መተሐራን አልፌ አዋሽ ሳልደርስ እሆናለሁ፤ እዚያ መሃል ደግሞ ሰው ምን ሊሆን ይወርዳል? በረሃ ነው። ስለዚህ አዋሽ እደርሳለሁ። አዋሽ ከደረስኩ ደግሞ ምሳ የሚበላበት ስለሆነ ትንሽ ይቀለኛል። ይህ ዘዴ ከመጽሐፏ ሁሉ ይልቅ ጠቀመኝ።

አንድ ቀን ድሬዳዋ ገብቼ ብረቱን ሳስቀምጥ ሽማግሌው ከበርጩማቸው ላይ ሆነው «አሰቦትን የት ጣልካት?» አሉኝ። ለካ ከንፈሬ ሲንቀሳቀስ ያዩኛል።

«አሰቦት የት ነች፣ አባባ?»

«ከአዋሽና ከሚኤሶ መሃል። ባቡር ይቆማል። የማቆመው እኔ ነበርኩ።»

አሰቦትን ጨመርኩ። በሳምንቱ «ሙሉ» የምትባል ጣቢያ አስታወሱኝ፤ ከዚያ ጎታን፤ ከዚያ ሁርሶን። በእውነት ያለ ጣቢያ ተነግሮኝ እንዳልሰማሁ ሆኜ ማለፍ አልችልም። እንዲህ ሆኖ አሥራ አንድ የነበረው አሥራ አምስት ሆነ። ጉልበቴ የጨመረው በሽማግሌው ትዝታ ልክ ነው። በጥር መጨረሻ ድሬዳዋ ደርሼ ሳልቀመጥ መመለስ ጀመርኩ።

ሌላው ሥራዬ መዝጋት ነበር። ባቡር ሲያልፍ ላለመዞር አንገቴን ተለማመድኩ። ዝንብ አፍንጫዬ ላይ ሲያርፍ ዝም ማለትን ተለማመድኩ። ከሁሉ የከበደኝ ግን ወሬኛው ነበር።

ወሬኛው የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ሠራተኛ ነው፤ በሰቃ በሚባለው ሰፈር ቤት ተከራይቶ ይኖራል። ከእኔ አምስት ዓመት ቢበልጥ ነው። ቀኑን ወይም ሌሊቱን የሽመና ማሽን አጠገብ ስለሚውል ሰው ሁሉ የማይሰማ ይመስለዋል፤ ስለዚህ ጮክ ብሎ ነው የሚያወራው። የሚያወራውም ለእኔ ነው፤ ሽማግሌው አንድ ጆሯቸው በባቡር ፉጨት ሄዷል። እሱ ከብረቱ ይልቅ ለአግዳሚው የመጣ ይመስላል። ይቀመጣል፣ አንድ ሁለቴ ያነሳል፣ ስለ ኳስ፣ ስለ አለቃው፣ ስለ አከራዩ ይቀጥላል። ቧንቧውን ሳዞር ያየኝ ቀን «ወንድሜ፣ እንደ አልጋ ቁራኛ ታገላብጠዋለህ እንዴ? ጎኑን አሞት ነው?» አለኝ። አልመለስኩለትም። መመለስ ሐሳብ መክፈት ነው። ሰላም ሲለኝ ራሴን እነቀንቃለሁ፤ ሌላውን ሁሉ ዘግቼዋለሁ። አራት ወር ሙሉ እንዲህ ስናደርግ ቆየን። በየካቲት ላይ ድምፁ እንደ ፋብሪካው ድምፅ ሆነልኝ፤ አለ፣ ግን አይሰማም።

ሁዳዴ ገባ። እናቴ ሥጋም ወተትም በማይፈቀድበት ወቅት ብረት ማንሳቴን አልወደደችውም። በሶ እየበጠበጠች ትሰጠኝና ለጎረቤት «ልጄ በሶውን ለሲሚንቶ እየጨረሰው ነው» ትል ነበር። እኔ ግን በዚያ በሶ ሁለት ጊዜ ድሬዳዋ ደርሼ እመለስ ነበር።

በመጋቢት አንድ ሐሙስ ካቦው ዘንድ ሄድኩ። ትከሻዬን ነካ አድርጎ አየና «ጉልበቱ መጥቷል» አለ። ሰባቱ ቆሙ፤ እኔ ጫፉን ያዝኩ። «አንሳ» አለ። አነሳሁ። እውነቱን ለመናገር ቀለለኝ። ዓይኔን ከሐዲዱ አንድ የዛገ ነጥብ ላይ ተክዬ ዘጋሁ። በአንድ ትንፋሽ አንድ ጣቢያ ነው የምሄደው። ዱከም። ደብረ ዘይት። አንድ ሰው አሳለ፤ ማን እንደሆነ አላየሁም። ሞጆ። ናዝሬት። እንዲህ የተዘጋሁበት ቀን አልነበረም። ወላንጪቲ። መተሐራ።

በመተሐራና በአዋሽ መካከል ሐዲዱ ከእጄ ጋር ወደ መሬት ሄደ።

ካቦው «ጣል» ብሎ ኖሯል። ሰባቱ ጥለዋል። እኔ ግን በመንገድ ላይ ስለነበርኩ አልወረድኩም። በመጀመሪያ የእነሱ ጫፍ መሬት ሲመታ አንድ ድምፅ፣ ከዚያ የእኔ ጫፍ ሲመታ ሌላ ድምፅ ተሰማ። በጉልበቴ ተንበርክኬ፣ መዳፌ ተልጦ ተገኘሁ። አጠገቤ ያለው ሰው የሸሚዜን ኮሌታ ባይዝ ኖሮ ፊቴም ሐዲዱ ላይ ያርፍ ነበር። በኅዳር እግሩን ልቆርጥበት የነበረው ሰው ነው።

ካቦው አጠገቤ መጥቶ ቁጢጥ አለ።

«አልሰማኸኝም?»

«አልሰማሁም፣ ጋሼ።»

«ዱሮ ቀደምከን፤ ዛሬ ዘገየህብን። የቀደመ ሰው እግር ይሰብራል፤ የዘገየ የራሱን ወገብ ይሰብራል። ለእኔ ሁለቱም ያው ናቸው።» መዳፌን ገልጦ አየ። «ሰኞ ከሳሪስ አቦ አንድ ልጅ ይመጣል። በር የሚያክል ነው አሉኝ። እሱን ከማየቴ በፊት ጠዋት ና። ጉልበት አታምጣ፤ ይበቃሃል። ጆሮህን ይዘህ ና።»

ወደ ሽማግሌው ግቢ ስሄድ ነገሩን አሰላሁት። አራት ወር የለፋሁበት ነገር ሠርቷል። ችግሩ መሥራቱ ነው። ለብቻው ብረት ለሚያነሳ ሰው መዝጋት ይጠቅማል፤ ቧንቧውን የሚጥለው ራሱ ነውና። ሐዲድ ግን የሚጥለው የሌላ ሰው አፍ ነው። እኔ ደግሞ እስከዚያ ቀን የሌላ ሰው አፍ እንዳልሰማ ነበር ስማር የከረምኩት። እስከ ሰኞ ያሉኝ ዓርብ፣ ቅዳሜና እሑድ ናቸው። የሚያስፈልገኝም የማይዘጋ አፍ ያለው ሰው ነው።

ወሬኛው አግዳሚው ላይ ተቀምጦ ነበር።

«አንድ ነገር ልጠይቅህ ነበር» አልኩት።

ግራና ቀኝ ተመለከተ። ከዚያ ወደ ሽማግሌው ዞረ። «አባባ፣ የተናገረው ማነው?»

«እኔ ነኝ።»

«አንተ ትናገራለህ እንዴ? እኔ እኮ ዲዳ ነው ብዬ በየቀኑ ሳዝንልህ ነው የከረምኩት። እናቴን፣ ትናንት ለአቦ ልሳልልህ ነበር!»

ይቅርታ ጠየቅሁት። መዳፌን አሳየሁት፤ የሆነውን አንድ በአንድ ነገርኩት። ካቦው ምን እንዳለም ጨመርኩ። እንደ ልማዱ እንዲያወራ፣ በወሬው መሃል በፈለገው ሰዓት ሳያስጠነቅቅ «ጣል» እንዲል ለመንኩት። በሕይወቴ እንደዚያ ብዙ የተናገርኩበት ቀን አልነበረም። እስከ መጨረሻው ሰማኝ፤ ያልጠበቅኩት ይህን ነው። ከዚያ እጁን ወደ ቧንቧው ዘርግቶ «አንሳ» አለ።

ያን ዕለት መዳፌን በጨርቅ ጠቅልዬ አነሳሁ። ስለ አለቃው ሲያወራ «ጣል» ያለውን ሁለት ጊዜ አለፍኩት። ሁለተኛው ላይ ጣቢያ እየቆጠርኩ እንደሆነ ከንፈሬን አይቶ አወቀ። ቆጠራውን ተው አለኝ። መተው እንደማልችል ነገርኩት። «እንግዲያው የምትሰማው ነገር ላምጣልህ» ብሎ ወደ አውራ ዶሮው ገባ።

ነገሩ እንዲህ ነው። አከራዩ አውራ ዶሮ አላት። ወሬኛው የሌሊት ፈረቃ ሠርቶ ጠዋት ሊተኛ ሲገባ ዶሮው መስኮቱ ሥር ቆሞ ይጮኻል። ለካ ይህ ታሪክ ከታኅሣሥ ጀምሮ ሲነገረኝ ነበር፤ እኔ ነኝ ያልሰማሁት። አቤቱታ አቅርቧል፣ ውሃ ደፍቶበታል፣ ጥጥ ጆሮው ውስጥ ከትቷል።

«በመጨረሻ አከራዬ ምን ትለኛለች መሰለህ? ‹ዶሮው ካስቸገረህ ግዛኝና እንደፈለግህ አድርገው።› እኔም ጅሉ ገዛኋት፣ እሱን ማለቴ ነው። ልክ ቢላዬን አውጥቼ መሳል ስጀምር፣ ጣል።»

ጣልኩ። «ከዚያስ?» አልኩት።

«አንሳ።»

ካላነሳሁ አይቀጥልም። አነሳሁ።

«ልክ ቢላዬን ስስል አከራዬ በር ላይ ቆማ ታየኛለች። ‹ምነው ልጄ፣ ጴንጤ ሆንክ እንዴ?› አለችኝ። ሁዳዴ ነው ለካ! ሁለተኛው ሳምንት። እሷ ስትሸጥልኝ ታውቃለች፤ እኔ እንቅልፍ ስላጣሁ ቀን መቁጠር ረስቻለሁ። እስከ ፋሲካ ማን ይቀልበዋል? እኔ። ጣል።»

ዓርብ ዕለት ዶሮው ስንዴ ብቻ እንጂ በቆሎ እንደማይወድ ሰማሁ። ቅዳሜ ደግሞ አከራዩ በተከራየው ክፍል ያለ ፈቃድ ዶሮ ያረባል ብላ ለሰፈር ሽማግሌዎች እንደከሰሰችው ሰማሁ። በየመሃሉ «ጣል» ይላል፤ ወሬውን ስፈልገው እያንዳንዷን ቃል ስለምይዝ «ጣል»ም አታመልጠኝም። አንድ ጊዜ «ጣለብኝ» ብሎ ሊያታልለኝ ሞከረ፤ አልጣልኩም። ሽማግሌው ደህናውን ጆሯቸውን ወደ እኛ አዙረው በርጩማቸውን ቀረብ አድርገው ነበር። እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ሽማግሌዎቹ ምን እንደፈረዱ ለመስማት ቧንቧውን ምን ያህል እንደያዝኩት አላውቅም፤ ብቻ ጨርቁ እርጥብ ነበር። የፈረዱት ዶሮው ወደ ቀድሞ ቦታው፣ መስኮቱ ሥር፣ እንዲመለስ ነው። ቀለቡ ግን ከወሬኛው እንዲሆን።

ሰኞ ጠዋት የሳሪስ አቦው ልጅ ከእኔ ቀድሞ መጥቶ ድንጋይ ላይ ተቀምጧል። በር የሚያክል መሆኑ ትክክል ነው፤ ደህና በር። ካቦው ጣቱን ወደ እኔ ቀሰረ። በጣት መመረጥ እንደማልወድ ቀደም ብዬ ተናግሬያለሁ፤ ያንን ግን አልጠላሁትም።

«ያዝ። አንሳ።»

አነሳሁ። የምመለከተው የካቦውን አፍ ነው። አጠገቤ ያለው ሰው ሲተነፍስ ይሰማኛል። ከጣቢያው በር ላይ ሁለት ሴቶች ስለ ሽንኩርት ይከራከራሉ። የሳሪስ አቦው ልጅ ጣቶቹን ያንቋቋል። ከለገሃር በኩል ባቡር መጣ፤ መሬቱ በጫማዬ ሥር ተንቀጠቀጠ። አልቆጠርኩም አልልም፤ እስከ ሦስት ቆጥሬያለሁ። ካቦው ሲጋራውን አወጣ። ክብሪቱን ጫረ፤ አልበራም። ሁለተኛ ጫረ። አጨሰ። ጭሱን ካወጣ በኋላ፣ ከባቡሩ ድምፅ ባልበለጠ ድምፅ፣ «ጣል» አለ።

ስምንት ሰው በአንዴ ሲጥል የሚሰማው አንድ ድምፅ ነው።

ካቦው መሬቱን አየ፤ ከዚያ እኔን አየ። «ነገ አንድ ሰዓት» አለ። ለሳሪስ አቦው ልጅ ከክረምት በኋላ እንዲመጣ ነገረው። ልጁ ሊሄድ ሲነሳ ወደ እኔ ጠጋ ብሎ ምን እንደምበላ ጠየቀኝ። በሶ አልኩት። አላመነኝም።

ከዚያ በቀጥታ ወደ ግቢው ሄድኩ። ወሬኛው የቀን ፈረቃ ስለገባ አልነበረም። ሽማግሌው በርጩማቸው ላይ ነበሩ። መቀጠሬን ነገርኳቸው። ራሳቸውን ነቀነቁና እሳቸውን የሚያሳስባቸውን ጠየቁ።

«ሲያስጥልህ የት ደርሰህ ነበር?»

«አላውቅም፣ አባባ። ዛሬ ጣቢያ አልቆጠርኩም።»

ዕድሜ ልካቸውን ባቡር ሲያቆሙ የኖሩ ሰው ናቸው። ነገሩ አልጣማቸውም።

«እንዴት ያለ ነገር ነው» አሉ። «ሰው የወረደበትን ጣቢያ ሳያውቅ ይወርዳል?»

መጥረጊያውን አንስቼ ግቢውን ጠረግኩ።